የከሰል ጋዝን በትንሽ መብራት ወደ ፈሳሽ መቀየር፦ ከጉድጓዱ እስከ ቦቴው

ሁለት ፕሮፎርማ ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀምጧል እንበል። አንዱ አቅራቢ «የኔ ማሽን ለአንድ ኪሎ ፈሳሽ ጋዝ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል» ይላል። ሌላው 0.6 ብሎ ጽፏል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ገና አትምረጡ። የመጀመሪያው ሰውዬ ጋዙ በ50 ባር (1 ባር የተራው አየር ግፊት ያህል ነው) ተጨምቆ ይመጣልኛል ብሎ አስልቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ያለውን መጭመቂያ ሁሉ ቆጥሮ ይሆናል። ከድንጋይ ከሰል ንብርብር የሚወጣ ሚቴን ደግሞ ጉልበት የለውም። ከሰሉ ላይ ተጣብቆ የኖረ ጋዝ ነው። ውሃው ተቀድቶ ግፊቱ ሲቀንስለት ቀስ እያለ ይለቃል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ባር ብቻ ነው። ስለዚህ የመብራቱ ወጪ ገና ብርዱ ሳይጀምር ይጀምራል።

እዚህ የምጽፈው በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ገደማ ለሚያስተናግድ ትንሽ ፋብሪካ ነው። እንዲህ ያሉት ቻይና ውስጥ፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር፣ ቺንሹዊ ተፋሰስ፣ ጂንቼንግ ከተማ ዙሪያ አሉ። ቧንቧ ያልደረሰበትን ጋዝ ፈሳሽ አድርገው በቦቴ ይጭናሉ። ትልቁን ማየት የፈለገ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ይሂድ። ግላድስቶን ወደብ አጠገብ፣ ኩርቲስ ደሴት ላይ ሦስት ፋብሪካዎች በስድስት መስመር በዓመት 25 ሚሊዮን ቶን ገደማ የማምረት አቅም አላቸው። የመጀመሪያው መርከብ መጫን የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 መጨረሻ ነው። የእኛው የካሉብ ጋዝ ከከሰል የሚወጣ አይደለም። ማቀዝቀዙ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ ከደረጃ 5 ጀምሮ ያለውን ለዚያም ማንበብ ይቻላል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሚቴን በተራ የአየር ግፊት ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። መጠኑ 600 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ማቀዝቀዝ ማለት ሙቀትን ከጋዙ ቀድቶ ውጭ መድፋት ነው። ቅዝቃዜውን እንደ ጉድጓድ ጥልቀት አስቡት። ገመዱ በረዘመ ቁጥር አንድ ባልዲ ማውጣት ጉልበት ይጨርሳል።

የውጭው አየር 27 ዲግሪ ቢሆን፣ ከዜሮ በታች 30 ላይ አንድ ኪሎጁል ሙቀት ለመቅዳት ምንም የማያባክን ማሽን እንኳ 0.23 ኪሎጁል ሥራ ያስፈልገዋል። ከዜሮ በታች 161 ላይ ያው አንድ ኪሎጁል 1.68 ይጠይቃል። ሰባት እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር በሙሉ ከዚህ ቁጥር የወጣ ነው፦ ከላይ መቀዳት የሚችለውን ሙቀት ከታች አትቅዱ።

አንድ ኪሎ ሚቴን ከክፍል ሙቀት ተነስቶ በ1 ባር ፈሳሽ እስኪሆን 910 ኪሎጁል ገደማ ይወጣለታል። ከዚህ ውስጥ 510ው የሚወጣው እዚያው ታችኛው ወለል፣ ከዜሮ በታች 161 ላይ ነው። ያለ ምንም ብክነት ቢሠራ 0.30 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ጋዙ አስቀድሞ 50 ባር ላይ ከሆነ ወደ 0.13 ይወርዳል። እውነተኛ ማሽን የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይበላል። አሁን ወደ ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ተመለሱና «የመግቢያ ግፊት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከሌለ ደውሉና ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ጋዙን እወቁት

ከመሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣው የከሰል ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ሚቴን ነው። ከማዕድን ዋሻው ውስጥ ለቆፋሪዎች ደኅንነት ተስቦ የሚወጣው ግን አየር ይገባበታል። 30 በመቶም ሊሆን ይችላል፣ 70ም። ከዋሻው ማናፈሻ የሚወጣው አየር ደግሞ ሚቴኑ ከ1 በመቶ በታች ነው።

ናሙናው የአንድ ቀን አይሁን። የተለያየ ሰዓት፣ የተለያየ ጉድጓድ ይሁን። ሚቴን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃ፣ የሰልፈር ጋዝ እና ሜርኩሪ (ባዜቃ) ይለካ። የከሰል ብናኝም እዩ፤ ኮምፕረሰር ይበላል።

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ ሚቴኑ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ፈሳሽ የማድረጉን ነገር እርሱት። የምታቀዘቅዙት በአብዛኛው አየር ነው። እሱን በጋዝ ሞተር አቃጥሉና መብራት አምርቱ። መብራቱ ለፋብሪካው ይሆናል፣ የሞተሩ ጭስ ሙቀት ደግሞ ደረጃ 4 እና 5 ላይ ይፈለጋል። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የልቀት ደንብ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሚቴን ያለውን የማዕድን ጋዝ ዝም ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ከልክላ ነበር።

ደረጃ 2፦ ኦክስጅን ካለ ወደ ብርዱ አትግቡ

እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው አለ። ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። 60 በመቶ ሚቴን ያለው ጋዝ ከዚህ ክልል በላይ ስለሆነ የሚያስፈራ አይመስልም። ወደ ብርዱ ሲገባስ? ሚቴኑ ፈሳሽ እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ላይ የሚቀረው ጋዝ ሚቴኑ እየሳሳ፣ ኦክስጅኑ እየበዛ ይሄዳል። 60 የነበረው 40 ይሆናል፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 15። በታሸገ የብርድ ሳጥን ውስጥ ራሳችሁ ፈንጂ ቀመማችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ኦክስጅኑ አስቀድሞ ይወገድ። የተለመደው መንገድ ጋዙን በማነቃቂያ ብረት ላይ አሳልፎ ኦክስጅኑን ከጥቂት ሚቴን ጋር ማቃጠል ነው። እያንዳንዱ 1 በመቶ ኦክስጅን ግማሽ በመቶ ሚቴን ይበላል፤ የጋዙንም ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ከፍ ያደርጋል። 3 ወይም 4 በመቶ ኦክስጅን ካለ ከወጣው ጋዝ የተወሰነውን አቀዝቅዛችሁ መልሳችሁ ቀላቅሉበት። አለዚያ ማነቃቂያው ይቃጠላል። የሚወጣውን ሙቀት አትድፉት፤ ደረጃ 4 ይጠብቀዋል።

ከመሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድም ቢሆን ፓምፕ በኃይል ሲስበው አየር ሊያስገባ ይችላል። ኦክስጅን መለኪያው መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ይሥራ፤ ሲያልፍ ራሱ ይዝጋ።

ደረጃ 3፦ መጭመቅ

ከ1 ባር ወደ 50 ባር መጭመቅ በንድፈ ሐሳብ ለአንድ ኪሎ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በተግባር 0.23 አካባቢ ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ግን ታችኛው ወለል ላይ በሰባት እጥፍ የምትከፍሉትን ሙቀት ወደ ላይ ታመጡታላችሁ። ሚቴን ከ46 ባር በላይ ሲሆን አንድ ቦታ ቆሞ አይጤዝም። ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል፣ ከሙቀቱ ትልቅ ድርሻም ከዜሮ በታች 50 እና 90 መካከል ይወጣለታል።

በአንድ ጊዜ አትጭመቁ። ሦስት ወይም አራት እርከን ይሁን፤ በየመሃሉ ጋዙ ይቀዝቅዝ። ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባው ጋዝ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሥራው 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን የሚሰጣችሁ ንጹሕ ራዲያተርና ጥላ ብቻ ነው። በአቧራ የተደፈነ የማቀዝቀዣ ክንፍ ይዞ «ማሽኑ መብራት ይበላል» የሚል ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ በውሃ እጠቡት።

ሌላው ሌባ ሪሳይክል ቫልቭ ነው። የከሰል ጋዝ ጉድጓድ መጀመሪያ ውሃ ይሰጣል፣ ከዚያ ጋዙ እየጨመረ ይመጣል፣ ከዚያ ይቀንሳል። በከፍተኛው ቀን ልክ የተገዛ ኮምፕረሰር ሌላውን ቀን ሁሉ የጨመቀውን ጋዝ በዚያ ቫልቭ መልሶ ለራሱ ያጎርሳል። መብራቱ ያው፣ ጋዙ ግማሽ። ፍጥነቱ የሚቀያየር ሞተር ግዙ። ወይም አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ግዙና አንዱን አጥፉ።

ደረጃ 4፦ ማጽዳት

ብርዱ ውስጥ በረዶ የሚሆን ነገር አይግባ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች፣ ውሃ ከ1 ፒፒኤም በታች ይሁን። ሜርኩሪ በሜትር ኩብ ከ0.01 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ። ሜርኩሪ አልሙኒየም ይበላል። አልጄሪያ ስኪክዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 የአልሙኒየሙን የሙቀት መለዋወጫ (ጋዙና ማቀዝቀዣው ሳይቀላቀሉ ሙቀት የሚቀባበሉበትን ክፍል) የበላው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ሜርኩሪ ማጣሪያ ያስገባል። በሰልፈር የተነከረ አክቲቬትድ ካርቦን ይበቃል፤ ርካሽ ነው፤ «የኛ ጋዝ የለበትም» ብላችሁ አትዝለሉት።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በአሚን (እሱን በሚይዝ ፈሳሽ ኬሚካል) ማጠብ የታወቀ ነው። አሚኑ ግን ለመታደስ ሙቀት ይፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ1 በመቶ በታች በሆነበት ትንሽ ፋብሪካ አሚኑን ትታችሁ በሞለኪውላር ሲቭ (ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደቃቅ ቀዳዳዎቹ በሚይዝ ጠጠር) ብቻ መጨረስ ይቻላል። ሲቩም በ250 እና በ300 ዲግሪ መካከል በሆነ ትኩስ ጋዝ ይታደሳል። ይህን ሙቀት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማምጣት ኃጢአት ነው። የጋዝ ሞተሩ ጭስ ከ400 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። የኦክስጅን ማቃጠያውም አለ። አንድ የሙቀት መለዋወጫ ገዝታችሁ አገናኙት።

የከሰል ጋዝ አንድ ደግ ጎን አለው። ቤንዚንና መሰል ከባድ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ሌላው ጋዝ ላይ ራስ ምታት የሆነው ሥራ እዚህ የለም። ክፉ ጎኑ ደረጃ 6 ላይ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ብርድ በርካሽ ግዙ

ከክፍል ሙቀት እስከ ከዜሮ በታች 30 ወይም 40 ያለውን ለተራ ማቀዝቀዣ ስጡት። ፕሮፔን ወይም አሞኒያ የሚያዞር ኮምፕረሰር ይበቃል፤ የሥጋ መጋዘን የሚያቀዘቅዘው ዓይነት ነው። ይህ ብቻ ዋናውን ማቀዝቀዣ በእጅጉ ያቀልለታል።

የጋዝ ሞተር ካላችሁ ከዚህ የተሻለ አለ። ጭሱ በሙቀት የሚሠራ የአሞኒያና የውሃ ማቀዝቀዣ ማንቀሳቀስ ይችላል። እስከ ከዜሮ በታች 30 ይወርዳል። የሚፈልገው መብራት የፓምፑን ብቻ ነው። ጥገናው ግን ይከብዳል። የሚያውቀው ሰው አካባቢያችሁ ከሌለ ፕሮፔኑን ምረጡ።

ደረጃ 6፦ ድብልቁ

ዋናው ማቀዝቀዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ናይትሮጅን ጨምቆ በተርባይን የሚለቅ ነው። ቀላል ነው፣ አይቀጣጠልም፣ ቶሎ ይነሳል፣ መብራት ግን ከድብልቁ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ይበልጥ ይበላል። ሌላው ድብልቅ ማቀዝቀዣ ነው፦ ናይትሮጅን፣ ሚቴን፣ ኤቲሊን፣ ፕሮፔን እና አይሶፔንቴን በአንድ ላይ። ጉድጓዱ በሦስት ዓመት የሚደክም ከሆነና ማሽኑ ወደ ሌላ መስክ የሚነሳ ከሆነ ናይትሮጅኑን እመርጣለሁ። ቦታው ቋሚ ከሆነ ድብልቁን።

ፍሪጅ ያስጠገነ ሰው «ጋዝ ይሞላ» ሲባል ሰምቷል። እዚያ አንድ ጋዝ ነው፤ የሚፈላውም አንድ ሙቀት ላይ ነው። እዚህ አምስት ናቸው። እያንዳንዱ የሚፈላበት ጥልቀት ይለያል። ከባዱ አይሶፔንቴን ላይኛው ወለል ላይ ይሠራል፤ ናይትሮጅኑ ታች። የሚቀዘቅዘው ጋዝና የሚያቀዘቅዘው ድብልቅ በየወለሉ ጎን ለጎን እንዲሄዱ እንፈልጋለን፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ይሁን። ልዩነቱ ሲሰፋ መብራት ይባክናል።

ማስተካከያው ስክሪኑ ላይ ነው። ድብልቁ ወደ ኮምፕረሰሩ ሲመለስ ከሚገባው ጋዝ በጣም ከቀዘቀዘ፣ ብርድ ይዞ እየወጣ ነው። አይሶፔንቴኑ በዝቶ ወይም ዙረቱ በዝቶ ይሆናል። ቀንሱ፤ ፈሳሽ ጠብታ ወደ ኮምፕረሰር ከገባ ይሰብረዋል። መሃል ላይ የጋዙና የድብልቁ የሙቀት መስመሮች ከተነካኩ ኤቲሊን ወይም ፕሮፔን ጎድሏል። ታችኛው ጫፍ አልወርድ ካለ ናይትሮጅንና ሚቴን ጨምሩ። አንዱን ነክታችሁ ውጤቱን ጠብቁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

የከሰል ጋዙ ክፉ ጎን ይኸው። ኤቴንና ፕሮፔን የለበትም። ሌላ ፋብሪካ ማቀዝቀዣውን ከራሱ ጋዝ ለይቶ ይሞላል፤ እናንተ ግን ትገዛላችሁ። ስለዚህ የኮምፕረሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ሲያፈስ በወር የሚጠፋው ገንዘብ ነው። የሚያመልጡት ቀለል ያሉት ቀድመው ነው። ከባዱ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ድብልቁን በሳምንት አንዴ አስመርምሩ። «ባለፈው ዓመት ሞልተናል» መልስ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ማስነሳት

የአልሙኒየሙ የሙቀት መለዋወጫ ሺህ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉት። መጀመሪያ በደረቅ ናይትሮጅን ንፉት። ከዚያ በደቂቃ ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት አውርዱት። ከክፍል ሙቀት እስከ ታች ድረስ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። አለቃ መጥቶ «ለምን አትፈጥኑም?» ይላል። አትስሙት። አልሙኒየም አንዴ ከተሰነጠቀ ወራት ይወስዳል።

ከተነሳ በኋላ ዓይናችሁ አንድ ቁጥር ላይ ይሁን፦ በመለዋወጫው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት። ማታ 0.3 ባር ነበር እንበል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 0.35 አለ። ንጋት ላይ 0.45። ማንቂያው አልጮኸም፣ ምርቱም ያው ነው። ግን ውስጥ በረዶ እየሠራ ነው። ሲቩ ውሃ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሳለፍ ጀምሯል። አሁን ሲቩን ቀይራችሁ መለዋወጫውን ቀስ አድርጋችሁ ብታሞቁት ግማሽ ቀን ይጠፋባችኋል። «እስከ ሰኞ ይቆይ» ካላችሁ ኮምፕረሰሩ ያንን በረዶ ሊገፋ ሳምንቱን ሙሉ መብራት ይበላል፤ መጨረሻ ላይም መቆሙ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ታንከሩና ሚዛኑ

ፈሳሹን እስከ 161 ማውረድ ግዴታ አይደለም። ታንከሩ 3 ባር የሚችል ከሆነ ሚቴን ከዜሮ በታች 146 አካባቢ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። የብርዱን ጉድጓድ የመጨረሻ 15 ዲግሪ ተዋችሁ፤ በጣም ውዱን ክፍል። ገዢው ግን ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከፈለገ ወይም መንገዱ ረጅም ከሆነ አይሆንም፤ ግፊቱ በመንገድ ላይ ይጨምራልና። መጀመሪያ ገዢውን ጠይቁ።

ከታንከሩ የሚተንነውን ጋዝ አታቃጥሉት። ወደ መግቢያው መልሱት ወይም ለጋዝ ሞተሩ ስጡት። መጀመሪያ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ብርዱን በመለዋወጫው አሳልፋችሁ ውሰዱ። ቦቴ ሲሞላም የእንፋሎት መመለሻ ቱቦ ይገናኝ። ሞቅ ያለ ባዶ ቦቴ ከመጣ የመጀመሪያው ፈሳሽ ሁሉ ተኖ ይመለስባችኋል።

አሁን ያ የፕሮፎርማ ቁጥር። 50,000 ሜትር ኩብ 34 ቶን ገደማ ይሆናል፤ 20 ቶን በሚይዙ ቦቴዎች ሁለት እንኳ አይሞላም። በአንድ ኪሎ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ብታድኑ በቀን 5,000 ኪሎዋት ሰዓት አለፈ። ይህን ለማወቅ ዋናውን ቆጣሪ አንብቡ፦ መጭመቂያው፣ ፓምፑ፣ ማራገቢያው፣ የቢሮው አምፖልም ይግባበት። ለቶኑ ደግሞ የፋብሪካውን የጋዝ ቆጣሪ አትመኑ። ቦቴው ባዶውን ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ሞልቶም ይውጣ። የሳምንቱን መብራት በሳምንቱ ቶን አካፍሉ።

የጋዝ ቆጣሪው 34 ብሎ ሚዛኑ 32 ካለ፣ ኮምፕረሰሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ማለዳ ታንከሩን ዙሩት። ከውጭ ቆዳው ላይ አመዳይ የያዘ ቦታ ካገኛችሁ፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ቫኪዩም ጠፍቷል።